«ልጁ ዲኑ ጥሩ ነው፤ ግን…»፦ ከፋኣ፣ ነፈቃ እና የሚስት ደሞዝ

እ.ኤ.አ. በ1904 ካይሮ በአንድ ኒካሕ የተነሳ ስትታመስ ከረመች። ሙሽራው ሸኽ ዐሊ ዩሱፍ ናቸው፤ በዘመኑ ስሙ የገነነው የ«አል-ሙአየድ» ጋዜጣ ባለቤትና አዘጋጅ፣ የግብፁ ገዥ የኸዲቭ ዐባስ ሒልሚ ወዳጅ። ሙሽሪት ሰፊያ ትባላለች፤ ዘሩን እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ የሚቆጥረው የአስ-ሳዳት ቤተሰብ ልጅ። እጮኝነቱ ዓመታት ፈጅቷል። አባት ሸኽ ዐብዱልኻሊቅ አስ-ሳዳት እሺ ካሉ በኋላ ዛሬ ነገ እያሉ ቢያጓትቱ፣ ጥንዶቹ አባት በሌሉበት በሸኽ አል-በክሪ ቤት ኒካሕ አሰሩ። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ የግብፅ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚፈርዱበት የሐነፊ መዝሀብም (ከአራቱ የእስልምና ሕግ ትምህርቶች አንዱ) እንዲህ ያለች ሴት ራሷን መዳር ትችላለች ይላል። አባት ግን ያው መዝሀብ የተወላቸውን አንድ መንገድ ያዙ፦ «ሰውየው ለልጄ አይመጥንም» ብለው ከሰሱ።

ቃዲው (የሸሪዓ ዳኛው) ሸኽ አሕመድ አቡ ኸጥዋ ነበሩ። ሁለቱ እንዳይገናኙ አዘዙ፤ ሰፊያም ወደ አባቷ ቤት አልመለስም ብላ በአንድ የተከበሩ ዓሊም ቤት ተቀመጠች። በመጨረሻም ኒካሑ ፈረሰ። የሰውየው ዘር አይመጥንም ተባለ፤ ጋዜጠኝነት የሚባለው ሙያቸውም አይመጥንም ተባለ። ገንዘብ ግን ነበራቸው። ፍርዱ ለዚህም መልስ አላጣም፤ ሰውየው ሲነሱ የላይኛው ግብፅ የድሃ ልጅ እንደነበሩ ጠቅሶ፣ ድህነቱ በሀብት ቢወገድም ነውሩ ግን እንደማይወገድ አተተ። ይግባኝ ቢጠየቅም ፍርዱ ጸና። ደግነቱ ከጊዜ በኋላ አባት ታረቁ፣ ሁለተኛ ኒካሕ ታሰረ፣ ሰፊያና ዐሊ ዩሱፍም ባልና ሚስት ሆነው ኖሩ። ይባስ ብሎ አማቹ ውሎ አድሮ የአስ-ሳዳት ቤተሰብ ሲመራው የኖረውን የወፋኢያ ጦሪቃ (የሱፊ መንገድ) ሸኽነት ያዙ።

ነገሩ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በሳዑዲ ዐረቢያ አል-ጀውፍ ያለ ፍርድ ቤት፣ ልጆች ያፈሩ ባልና ሚስትን «የባልየው ጎሳ ከእኛ ጎሳ ያንሳል» ባሉ የሚስት የአባት ልጆች አቤቱታ አለያያቸው። ሴትዮዋ ባሏን አልተውም በማለቷ ዓመታት በእስርና በመጠለያ አሳለፈች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክስ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙም አንሰማም። እኛ ነገሩን የምንጨርሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ቡና ይፈላል፣ የልጁ ጸባይና ሶላት ይመሰገናል፤ ከዚያ «ግን…» ትመጣለች። የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል? ቤት አለው ወይስ ኪራይ ነው? «እስቲ እንመካከርበት» ከተባለ ያለቀለት ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን ሲያደርጉ ያውቁታል። ከኋላ ሆኖ «ከፋኣ እኮ በሸሪዓም አለ» የሚል አንድ አጎት አይጠፋም።

አጎትየው አልዋሸም፤ ከፋኣ፣ ማለትም ባል ለሚስት የሚመጥን መሆኑ፣ በሸሪዓ አለ። ነገር ግን ከፋኣ በገንዘብ በኩል ሴቲቱ እንዳትጎዳ የተቀመጠ ዝቅተኛ መስፈርት ነበር፤ እኛ የቤተሰብ ክብር መለኪያ አደረግነው። በክብሩ ስንጨቃጨቅ ደግሞ ዋናው የገንዘብ ጉዳይ፣ ማለትም ከኒካሕ በኋላ ማን ምን ይከፍላል፣ የማን ገንዘብ የማን ነው የሚለው ሳይጠየቅ ያልፋል።

ዑለማዎቹ ራሳቸው አንድ ቃል የላቸውም። ማሊኪዮች ዘንድ ከፋኣ ማለት ዲን እና ከከባድ ነውርና በሽታ ነጻ መሆን ነው፤ ዘርም ሀብትም አይቆጠርም። ሻፊዒዮች ዘርንና ሙያን ይጨምራሉ፤ ሀብትን ግን በጠነከረው አቋማቸው ትተውታል፤ ገንዘብ የሚያልፍ ጥላ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይመካበትም ይላሉ። ከኢማም አሕመድ የተለያዩ ዘገባዎች መጥተዋል። ዝርዝሩን የሚያስረዝሙት ሐነፊዮች ናቸው፦ ዘር፣ እስልምና፣ ነጻነት (ባሪያ አለመሆን)፣ ሀብት፣ ዲን፣ ሙያ። ሐሰን አል-በስሪና ሱፍያን አስ-ሰውሪ፣ ከሐነፊዮቹ ከራሳቸው አል-ከርኺ፣ ከአንደሉስ ደግሞ ኢብኑ ሐዝም ይህን ዝርዝር አልተቀበሉትም።

እንግዲህ ሀብትን በግልጽ የሚቆጥሩት ሐነፊዮች «ሀብት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ኪታቦቻቸው ላይ ያለው መልስ ሳሎናችን ውስጥ ከሚነገረው ጋር አይገናኝም። በታወቀው አቋማቸው ሰውየው ባል ለሚስት የሚሰጠውን መህር (ማለትም በአካባቢው ልማድ በቅድሚያ የሚከፈለውን) እና ነፈቃውን ከቻለ በገንዘብ መጥኗል። ነፈቃ ማለት ምግቧ፣ ልብሷ፣ መኖሪያዋ ነው። አቡ ዩሱፍ ከዚህም ቀለል አድርገው ዋናው ነፈቃው ነው እንዳሉ ይዘገባል። ሀብቱ ከሀብቷ ይስተካከል ወይ በሚለው ላይ በመዝሀቡ ውስጥ ልዩነት አለ፤ አቡ ዩሱፍ ግን ገንዘብ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ነገር ነው ብለው አልቆጠሩትም። ስለዚህ ኪራዩን የሚከፍል፣ ቀለብ የሚሰፍር፣ መህሩን የሚያቀርብ ሰው በጥብቁ መዝሀብ እንኳ ለሀብታም ልጅ ይመጥናል። የራሱ ቤት የለውም፣ መኪና የለውም፣ አባቱ ነጋዴ አይደለም የሚሉት ሰበቦች ከፋኣ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አባት በእነዚህ ምክንያቶች ልጄን አልሰጥም ማለት ይችል ይሆናል፤ ፊቅህን (የእስልምናን ሕግ ዕውቀት) ምስክር ማቆም ግን አይችልም።

ሙያን በተመለከተ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። የሐነፊ ኪታቦች ዝቅ ያሉ ሙያዎችን ሲዘረዝሩ ሸማኔን፣ በዋግምት ደም የሚያወጣን፣ ቆዳ ፋቂን ይጠቅሳሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያይ አገሩ የተጻፈ ይመስለዋል። ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ጋብቻ የተከለከለው ሰው ብዙ ነው፤ በጉራጌና በአካባቢው «ፉጋ» እየተባሉ የተገለሉት ወገኖች እስልምናን ቢቀበሉም የጋብቻው በር ቶሎ አልተከፈተላቸውም። የሚያስገርመው በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ ራሱ ርስት ተነፍጎት በሽመናና በንግድ ሲኖር በዚያው ሙያው ሲናቅ የኖረ መሆኑ ነው። የአርጎባ ሽመና ዛሬ እንደ ቅርስ ይወደሳል፤ ጥንት ግን ስድብ ነበር።

አቡ ሐኒፋ ዘንድ ሙያ እንደማይቆጠር ተዘግቧል፤ ምክንያታቸውም ሙያ ከሰው ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነገር አይደለም፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው መዛወር ይቻላል የሚል ነው። ከእሳቸው ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይተው የመጡት ግብፃዊው ኢብኑል ሁማም ደግሞ አሌክሳንድሪያ ላይ ሸማኔ ከሽቶ ነጋዴ ጋር እኩል ይመጥናል ሲሉ ጻፉ። ለምን ቢባል፣ በዚያ ከተማ ሽመና የተከበረ ሥራ ነዋ! አንድ ዓይነት ክር የሚጎትቱ ሁለት ሸማኔዎች አንዱ አሌክሳንድሪያ ስለተወለደ ብቻ ይመጥናል፣ ሌላው አይመጥንም ማለት ነው። ይህን ያሰፈሩት ራሳቸው ፉቀሃእ (የፊቅህ ሊቃውንት) ናቸው። ዝርዝሩ ከአካባቢው ልማድ የተቀዳ እንጂ ከወሕይ የወረደ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የሶሪያ የግል ሁኔታ ሕግም በከፋኣ የሚታየው የአገሩ ልማድ ነው ሲል ይህንኑ ደንግጓል። ጎረቤቷ ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕጓ ዝርዝሩን አሳጥራ ዲንን እና ገንዘብን ብቻ አስቀረች፤ ገንዘቡንም መህርና ነፈቃ መቻል ብላ ወሰነችው።

ሐዲሱ ላይ ብንመጣ፣ በዚህ ርዕስ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው የፋጢማ ቢንት ቀይስ ታሪክ ነው። ቁረይሽ ናት፤ ባሏ ፈትቷት ዒዳዋን (ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀውን ጊዜ) ጨርሳለች፤ ሁለት ሰዎች ጠይቀዋታል፣ ሙዓዊያና አቡ ጀህም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ አቡ ጀህም ዱላውን ከትከሻው አያወርድም፣ ሙዓዊያ ደግሞ ድሃ ነው፣ ገንዘብ የለውም፤ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን አግቢ አሏት። ኡሳማ ነጻ የወጣ ባሪያ ልጅ ነው። እሷም እጇን እያወዛወዘች «ኡሳማ! ኡሳማ!» አለች፤ እንዴት ሆኖ እንደማለት። አላህንና መልእክተኛውን መታዘዝ ይሻልሻል ተባለች፤ አገባችው፤ በኋላም ሰው የሚቀናበት ትዳር እንደሆነላት በራሷ አንደበት ተናገረች።

ይህን ሐዲስ የምንጠቅስ ሰዎች ግማሹን ቆርጠን መውሰድ እንወዳለን። «ዲን ካለው ይበቃል» የሚሉ ወጣቶች ኡሳማን ይዘው ይሄዳሉ፤ «ድሃ ለልጄ አይሆንም» የሚሉ አባቶች ሙዓዊያን ይዘው ይቀራሉ። ሐዲሱ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይዟል። ሚስቱን የሚመታ ሰው አይሆንም፤ ይህ ከሁሉ ቀድሞ ተነገራት። ነፈቃ የማይችል ሰው አይመከርም፤ ይህንን ማለት ነውር አይደለም፣ ነቢዩ ራሳቸው ስም ጠርተው ተናግረውታል። ዘር ግን አያግድም። የሚገርመው በእኛ ሳሎን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ስለ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት እንጠይቃለን፣ ስለ ገንዘቡ በዙሪያ ጥምጥም እንጠይቃለን፣ ይማታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን እምብዛም አላየሁም።

የሱረቱ አን-ኑር ሁለት አንቀጾችም ላይ ተመሳሳይ መቆራረጥ ይደርሳል። 32ኛው አንቀጽ ያላገቡትን አጋቡ፣ ድሆች ቢሆኑ አላህ ከችሮታው ያብቃቃቸዋል ይላል፤ በየኒካሑ ይነበባል። ቀጥሎ ያለው 33ኛው ደግሞ ለማግባት አቅም ያላገኙ አላህ እስኪያብቃቃቸው ድረስ ጥብቅ ይሁኑ ይላል። ይሄኛው ሲነበብ የሰማሁት አልፎ አልፎ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ዛሬ ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው አይከለከልም፤ ምንም የሌለው ሰው ግን የሰው ልጅ ይዞ ችግር እንዲገባ አይገፋም።

በዘይነብ ቢንት ጀሕሽና በዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ትዳር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የነቢዩ የአክስት ልጅ የሆነች የከበረ ዘር ሴት ነጻ የወጣን ባሪያ አገባች፤ ትዳሩ ግን አልዘለቀም። የዘር ልዩነት ኒካሕን እንደማይከለክል የሚያስረዱ ይጠቅሱታል፤ አስተዳደግና ማዕረግ ሲራራቅ አብሮ መኖር ሊከብድ ይችላል የሚሉም ይጠቅሱታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ክልከላ አንድ ነገር ነው፣ ምክር ሌላ። የከተማ ልጅና የገጠር ልጅ፣ ዶክተርና አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ እነዚህ ቁጭ ብለው ቢያስቡበት ይሻላቸዋል፤ የሚያስቡት ግን እነሱ ናቸው።

አንድ በጣም የሚረሳ ነጥብ አለ። ከፋኣ የሚጠየቀው ከወንዱ ብቻ ነው። ባል ለሚስት ይመጥን እንጂ ሚስት ለባል ትመጥን የሚል መስፈርት በፊቅህ የለም። ስለዚህ «ወንድ ልጃችን ዲግሪ አለው፤ የጉልት ነጋዴ ልጅ አናመጣለትም» የሚል ቤተሰብ ከፋኣ የሚለውን ቃል ከአፉ ቢያወጣው ይሻላል። መብቱም የሴቲቱና የወሊዩ (እንደ አባት ያለ የሚድራት ዘመድ) ነው። ብዙኃኑ ዑለማ እንደሚሉት ከፋኣ የኒካሕ መጽኛ እንጂ የትክክለኛነቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ሴቲቱና ወሊዩ ወደው ከተዉት ቀረ። ኒካሕ ላይ የሚታየውም የዕለቱ ሁኔታ ነው፤ የመጠነ ባል ከዓመት በኋላ ቢከስር ኒካሑ በከፋኣ ስም አይነካም።

መህር ላይ የምንሠራው ግን የባሰ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቶች መህር አሥራ ሁለት ተኩል ኡቂያ፣ ማለትም 500 ድርሃም እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራለች። ምንም የሌለው ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ደግሞ የብረት ቀለበት እንኳ ፈልግ ተብሎ፣ እሱንም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርኣን ተዳረ። ይህን ሐዲስ ይዘን ዛሬ «መህሯ ቁርኣን ነው» ስንል ማሻአላህ ይባላል፤ ፎቶውም ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በዚያው ቀን ግን ለአዳራሹ፣ ለቪዲዮው፣ ለመኪና ኪራዩ፣ ለዲኮሩ የሚወጣው ገንዘብ የወጣቱ የሁለት ዓመት ደሞዝ ነው፤ ግማሹም ብድር። መህር የሴቲቱ ንብረት ነው፤ አዳራሹ ግን የማንም አይደለም። ሶሓባው የብረት ቀለበት ያጣው አዳራሽ ተከራይቶ አይደለም። መህር አቅልለን ሠርግ የምናከብድ ከሆነ፣ ያቀለልነው የሷን ድርሻ ብቻ ነው።

አሁን ፉቀሃኡ ብዙም ያልገጠማቸው፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚገጥመን ጉዳይ ላይ እንድረስ፤ የሚስት ገቢ። በጥንቱ ፊቅህ ሴት ብትበለጽግም ነፈቃው በባል ላይ ነው፤ ገንዘቧም የራሷ ነው። ባለ ሀብት ሚስትና ድሃ ባል በሶሓቦች ዘመንም ነበሩ። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነጋዴ ነበሩ፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ያወቋቸውም ንግዳቸውን ይዘው ሲሄዱ ነው። የኢብኑ መስዑድ ሚስት ዘይነብ ለባሏና በእጇ ለሚያድጉ የሙት ልጆች የምታወጣው ሶደቃ ይሆንልኝ ወይ ብላ አስጠይቃ ሁለት ምንዳ አላት፣ የዝምድናና የሶደቃ ምንዳ የሚል መልስ አገኘች። መልሱ ውስጥ ያለውን ልብ በሉ፦ ለባሏ የምትሰጠው ሶደቃ ተባለ። ሶደቃ የሚባለው ግዴታ ያልሆነ ስጦታ ነው። ከዚህ የወጣ አቋም የያዙት ኢብኑ ሐዝም ናቸው፤ ባል ራሱን መቻል ካቃተውና ሚስት ካላት ወጪው በሷ ላይ ይሆናል ይላሉ። ብዙኃኑ ግን አይቀበላቸውም።

ይህን ይዘን ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ጅማ ያለ አንድ ቤት ብንገባ የምናገኘው ይህን ይመስላል። ሚስት ጅዳ ናት፤ በወር አንድ ሺህ ሪያል ታገኛለች፤ ከዚያ ላይ ሰባት መቶውን ትልካለች። ባል አገር ቤት ልጆቹን ይዞ ቤት ያሠራል። ብሎኬት ሲገዛ ፎቶ ይልክላታል፣ ቆርቆሮ ሲመታ ቪዲዮ ይልክላታል። ካርታው ሲወጣ በማን ስም ይወጣል? «ያው እኮ ነው፣ ባልና ሚስት አይደለን?» ይባላል። አራት ዓመት ቆይታ ስትመጣ ሁለተኛ ሚስት ቤቱ ውስጥ ካለች ወይም ፍቺ ከመጣ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያው እንዳልነበረ የሚታወቀው። በሸሪዓው የላከችው ገንዘብ የሷ ነበር፤ ለባሏ ሰጥታው ከሆነ ስጦታ ነው፣ አበድራው ከሆነ ብድር ነው፣ ወክላው ከሆነ አደራ ነው። የትኛው እንደነበረ የሚያውቅ ወረቀት ግን የለም። ያለው የዋትሳፕ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሕጎች ይገናኛሉ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት በትዳር ጊዜ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ ንብረት ሁሉ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በፍቺም እኩል ይካፈላሉ። በሸሪዓ ደግሞ በመሠረቱ የእያንዳንዱ ገንዘብ የየራሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። የጅዳዋ ሴት በሸሪዓው ገንዘቡ የሷ መሆኑን ካስረዳች ሙሉውን ልታገኝ ትችላለች፤ ማስረጃ ካጣች ግን በቤተሰብ ሕጉ ግማሹ ይቀርላታል። ቤቷ ውላ ልጅ ያሳደገች፣ ባሏ የነገደላት ሴት ደግሞ በቤተሰብ ሕጉ ግማሽ ስታገኝ፣ በሸሪዓው የምትጠይቀው ያልተከፈለ መህር፣ የዒዳ ነፈቃ እና የመሳሰለው ሊሆን ይችላል። የት እንከራከር የሚለው ራሱ የገንዘብ ውሳኔ ነው፤ ያ ውሳኔ ደግሞ የሚደረገው ሁለቱ በተጣሉበት ሰዓት ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ዓይነት ነገር ገጥሟቸዋል። አሜሪካ ያለች ልጅ ከአገር ቤት ባል ስታመጣ ስፖንሰር መሆን አለባት፤ የድጋፍ ሰነድ ትፈርማለች፣ የሰውየው ኑሮ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ እንዳይወርድ ኃላፊነት ትወስዳለች። ይህ ግዴታ ቢፋቱ እንኳ በፍቺው ብቻ አይቀርም። ኢማሙ ፊት ነፈቃው በሱ ላይ ነው፤ በመንግሥት ወረቀት ነፈቃው በሷ ላይ ነው። ሁለቱም ፊርማ የሷ ሕይወት ላይ ያረፈ ነው። እንዲህ ባለ ትዳር ባልየው በገንዘብ ይመጥናል ወይ ብሎ መጠየቅ የአባት ስስት አይደለም። ቋንቋ እስኪለምድ፣ የሥራ ፈቃድ እስኪያገኝ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ በዚያ ጊዜ የምታወጣው ስጦታ ነው ወይስ ኋላ የሚመልሰው? እሱስ እንዴት ያየዋል? ብዙ ወንድ የሚጎዳው ድህነቱ አይደለም፤ የሚጎዳው በሷ ገንዘብ መኖሩን ማንም እንዳያወራው ተብሎ በመሸፈኑ የሚፈጠረው ግብዝነት ነው፤ ሰው ፊት የቤቱ አባወራ፣ ቤት ውስጥ የኪስ ገንዘብ ጠያቂ።

ባል ከኒካሕ በኋላ ነፈቃ ቢያቅተውስ? እዚህ መዝሀቦቹ ይለያያሉ። ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ሚስት ቃዲ ዘንድ ሄዳ ኒካሑ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች ይላሉ፤ ሐነፊዮች ግን አያፈርሱም፣ በባሏ ስም ተበድራ ትኑር፣ ዕዳው የሱ ይሁን ይላሉ። በከፋኣ ላይ ጥብቅ የሆነው መዝሀብ በነፈቃ ማጣት ላይ ሲላላ፣ ከፋኣ ላይ ሀብትን የማይቆጥሩት ደግሞ ነፈቃ ላይ ይጠነክራሉ። ለእኔ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ አንዱ ገና ከመግቢያው ያጣራል፣ ሌላው መውጫ ያዘጋጃል። በአገራችን አብዛኛው ሕዝብ የሻፊዒን መዝሀብ ይከተላል ከተባለ፣ ሳሎን ውስጥ የሐነፊን መግቢያ እያጠበቁ፣ ሴቲቱ ተቸግራ ስትመጣ ደግሞ «ሶብር አድርጊ» እያሉ የሻፊዒን መውጫ መዝጋት ሁለቱንም መዝሀብ መበደል ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ሲመጣ ከ«የማን ልጅ ነው?» በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ልጁ በወር የሚያገኘው ስንት ነው፣ ዕዳ አለበት ወይ፣ እናትና አባቱን የሚጦረው እሱ ብቻ ነው ወይ? ልጅቱ ከኒካሕ በኋላ ትሠራለች ወይ፤ ከሠራች ደሞዟን ቤት ውስጥ ታወጣለች ወይስ የራሷ ነው? ውጭ አገር የምትሄድ ከሆነ የምትልከው ገንዘብ በማን ስም ይቀመጣል? መህሩ ስንት ነው፣ ስንቱ ዛሬ፣ ስንቱ በኋላ? እነዚህን መጠየቅ ትዳሩን ሸቀጥ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ግን ልትሞሏቸው ከሚገቡ መስፈርቶች ሁሉ በላጮቹ በኒካሕ የገባችኋቸው ናቸው ይላል። መስፈርት የሌለው ሰው ምኑን ይሞላል?

ከኒካሑ ወረቀት ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላም መንገድ አለ። የቤተሰብ ሕጉ ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት የገንዘብ ግንኙነታቸውን በጋብቻ ውል እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ አራት ምስክር ይፈልጋል፣ ሁለት በባል ሁለት በሚስት በኩል። «የየራሳችን ገቢ የየራሳችን ነው፤ ቤቱ የጋራ ነው» ብለው የሚስማሙ ጥንዶች በሸሪዓውም በመንግሥት ሕጉም ፊት የሚያወጡት አንድ ወረቀት ይኖራቸዋል። ጊዜው ግን ጠባብ ነው፤ ከዕለቱ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይረጋም።